ያላበበ ዛፍ ልጅ የለውም፦ የደን ዛፎችን በአበባቸው መምረጥ ምን ማለት ነው?

ሁለት ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንዱ ግንዱ እንደ ዘንግ የቀና፣ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በላይ አንገቱን አስግጎ የወጣ፣ ቅርፊቱም ጤነኛ ነው። አናቱን ብትቃኙት ግን አበባ የሚባል ነገር የለበትም። ሌላው አጠር ያለ፣ ወገቡ ላይ የጎበጠ፣ ከታች ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሆነ ነው፤ ፍሬው ግን ተንዠርግጎበታል። ዘር ሰብሳቢው ጆንያውን ይዞ ሲመጣ ወደየትኛው ይሄዳል? ፍሬው ወዳለበት፣ ለመውጣትም ወደሚመቸው። ያ ዘር ችግኝ ጣቢያ ይፈላል፣ ችግኙ ይተከላል፣ ከዓመታት በኋላ የጎባጣው ልጆች ደን ይሆናሉ። ቀጥ ያለው ዛፍ ተቆርጦ ጣውላ ሲሆን ዘሩም አብሮት ይጠፋል።

ይህ፣ ዘር ያለ ምርጫ በሚሰበሰብበት ሁሉ የሚሆን ነገር ነው። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰብሳቢው የሚያየው የሞላውን ጆንያ ነው፤ ጆንያውን የሚሞላው ደግሞ ጎባጣው ዛፍ ነው። ውጤቱ ግን ደኑ ከትውልድ ትውልድ እያነሰ መሄዱ ነው።

ስለ ዛፍ አበባ ሲወራ ብዙ ሰው የሚታየው ውበቱ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ ንቡ። ለደን አርቢ ግን አበባ የወላጅነት ጉዳይ ነው። የሚቀጥለውን ደን የሚወልዱት ያበቡት ናቸው። ብዙ ያበበ ብዙ ይወልዳል፤ ያላበበ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን ከልጆቹ ጋር ሳይተዋወቅ ያልፋል። ስለዚህ ዛፍን በአበባው መምረጥ ማለት የነገውን ደን እናትና አባት መምረጥ ማለት ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ያበበውን ለይቶ ምልክት ማድረግ ብቻ። ቀረብ ሲሉት ግን ዓይንን የሚያታልሉ ነገሮች ብዙ ናቸው።

የምናየው ቁመናውን፣ የምንፈልገው ዘሩን

በደን ልማት "ምርጥ ዛፍ" የሚባለው በዓይን ታይቶና ተለክቶ ከእኩዮቹ በልጦ የተገኘ ዛፍ ነው። ቁመቱ፣ ውፍረቱ፣ የግንዱ ቅናት፣ የቅርንጫፉ ቅጥነት፣ ጤንነቱ፣ የእንጨቱ ጥራት ይታያል። አበባውና ፍሬውም እንደዚሁ። ችግሩ የምናየው ቁመና የሁለት ነገሮች ድምር መሆኑ ነው፤ ከወላጆቹ የወረሰው ዘረመልና የበቀለበት ቦታ። ውሃ ያለበት ጥልቅ አፈር ያገኘ ዛፍ ከማንም ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን አፈሩን ለልጆቹ አያወርስም።

ለዚህ ነው እጩው ዛፍ ብቻውን የማይለካው። ከአጠገቡ በዕድሜ እኩያ የሆኑ፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ የቆሙ 4 ወይም 5 ጠንካራ ጎረቤቶች ተመርጠው ከእነርሱ ጋር ይነጻጸራል። በአበባ ጊዜ ደግሞ ከአፈሩ በላይ የሚያሳስተው ብርሃን ነው። በደን ጫፍ ወይም በመንገድ ዳር የቆመ ዛፍ ፀሐይ ስለሚያገኝ ጥቅጥቅ ባለ ደን መሃል ከቆመው ወንድሙ ቀድሞ ያብባል፣ አብዝቶም ያብባል። የጫፉን ዛፍ ከመሃሉ ጋር አነጻጽሮ "ይኼኛው አበበ" ማለት ፀሐይን መምረጥ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ መራጭ የጫፍ ዛፎችን ጭራሽ አይመዘግብም፤ ከመዘገበም ከጫፍ ዛፎች ጋር ብቻ ያነጻጽራቸዋል።

አንድ ስሌት ነገሩን ያቀልለዋል። በአንድ ደን ውስጥ ዛፎቹ በአማካይ 200 ፍሬ ያፈራሉ፣ የመረጥናቸው ግን 700 ያፈራሉ እንበል። ልዩነቱ 500 ነው። ከዚህ ልዩነት በዘር የሚተላለፈው 40 በመቶው ነው ብንል፣ እናትም አባትም ከተመረጡት ወገን ሲሆኑ ልጆቹ ከአማካዩ የሚበልጡት በ200 ፍሬ ነው እንጂ በ500 አይደለም። አባትየው ብናኙ (የወንዴ አበባው ዱቄት) በነፋስ የመጣ ማንም ከሆነ ደግሞ ትርፉ በግማሽ ይወርድና 100 ይሆናል። ቁጥሮቹን ያነሣሁት ለማስረዳት ያህል ነው፤ ስሌቱ ግን የእርባታ ሙያ በሙሉ የቆመበት ነው። ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ የምናየው ብልጫ ሁሉ አይወረስም። ሁለተኛ፣ እናትን ብቻ መርጦ አባትን ለነፋስ መተው የልፋትን ግማሽ መጣል ነው።

የዘንድሮ አበባ የተወሰነው አምና ነው

በፀደይ ወራት ቅርንጫፉ ላይ አበባ ስናይ ነገሩ የዚያ ሰሞን ሥራ ይመስለናል። ብርድና ሙቀት በሚፈራረቁባቸው አገሮች በሚበቅሉ እንደ ፓይን፣ ስፕሩስና ቢች ባሉ ዛፎች ግን እምቡጡ "ቅጠል ልሁን ወይስ አበባ" የሚለው ነገር የሚቆረጠው ባለፈው ዓመት በጋ ነው። ያ በጋ ሞቃትና ደረቅ ከነበረ የሚቀጥለው ዓመት አበባ ይበዛል። የፓይን ጊዜ ደግሞ ከዚህም ይረዝማል፤ ሴቴዋ አበባ ብናኙን ከተቀበለች በኋላ ጽንሱ የሚፈጠረው ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ፍሬው የሚበስለው ከዚያ በኋላ ነው። እምቡጡ ከተወሰነበት ቀን ጀምሮ ዘሩ እጃችን እስኪገባ ከ2 ዓመት በላይ ይሄዳል ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ለመራጩ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ዓመት የታየ የአበባ ብዛት ስለ ዛፉ ከሚናገረው በላይ ስለ አምናው አየር ይናገራል። ቢችና ኦክ በጥቂት ዓመታት አንዴ አገር ምድሩን በፍሬ ይሞሉታል፤ በመሃል ባሉት ዓመታት ግን ምንም የለም ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለው የጥጋብ ዓመት ሁሉም ያብባል፣ ሁሉም ምርጥ ይመስላል። እኔ ከጥጋቡ ዓመት ይልቅ የችግሩን ዓመት አምነዋለሁ። ሌላው ሁሉ ባዶውን ሲቆም ጥቂትም ቢሆን የሚያብብ ዛፍ ከተገኘ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ የሚሰመርበት እሱ ነው። ስለዚህ ቢያንስ 3 ዓመት፣ ቢቻል ከመካከላቸው አንዱ ደካማ ዓመት ሆኖ፣ ያንኑ ዛፍ እየተመላለሱ ማየት ያስፈልጋል።

ዕድሜም አለ። ዛፍ የልጅነት ዘመን አለው፤ በዚያ ዘመን ምንም ቢመቸው አያብብም። አንዳንድ የባሕር ዛፍ ዓይነቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያብባሉ። ፓይን ገላጣ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይወስድበታል። ቢች 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ያስጠብቃል። የ12 ዓመት ዛፍ አላበበም ተብሎ ከመዝገብ ሊሰረዝ የሚገባው ዓይነቱ በዚያ ዕድሜ ማበብ የሚችል ከሆነ ብቻ ነው። በሌላ በኩል በጣም ፈጥኖ ማበብ ሁልጊዜ በጎ ምልክት አይደለም፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ስህተት ደግሞ የሚከተለው ነው። ሊሞት የተቃረበ ዛፍ ብዙ ጊዜ ያለ ልክ ያፈራል። ሥሩ የተጎዳ፣ ቅርፊቱ የተቆረጠ፣ በድርቅ የተመታ ዛፍ ያለ የሌለ ጉልበቱን ወደ ዘር ይወረውራል። ከሩቅ ሲታይ ሞልቶ የፈሰሰ በረከት ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ግን ቅጠሉ የሳሳ፣ የገረጣ፣ የዓመቱ አዲስ ቀንበጥ ደግሞ ከጣት የማያልፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፍሬ ከመቁጠር በፊት ቅጠል ማየት ግድ ነው። አበባውም ሞልቶ፣ ቅጠሉም ለምልሞ፣ ቀንበጡም ረዝሞ ከተገኘ ያ ዛፍ በእውነት ለአበባ የተፈጠረ ነው።

ቀርቦ መቁጠር

አበባ መቁጠር ምን እንደሚመስል በፓይን ላሳያችሁ። በአበባ ወቅት ከአናቱ አንድ ቅርንጫፍ አውርዳችሁ ብትይዙ፣ በአዲሱ ቀንበጥ ጫፍ ላይ ከትንሽ ጣት ጥፍር የማትበልጥ፣ ወደ ቀይ የምታደላ ቅርፊታም ነገር ታያላችሁ። ሴቴዋ አበባ እሷ ናት። ቅርፊቶቿ ለጥቂት ቀናት በትንሹ ይከፈታሉ፤ በመካከላቸው ብናኝ ይገባል፤ ከዚያ ያብጡና ይዘጋሉ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የመጣ ብናኝ የመጣው በከንቱ ነው። ከታችኛው ቅርንጫፍ አንዱን ብትይዙ ደግሞ በአዲሱ ቀንበጥ ሥር ዙሪያ ተከማችተው የቆሙ ቢጫ ዘለላዎች ታገኛላችሁ። እነዚህ ወንዴዎቹ ናቸው። በጣት መታ ሲያደርጓቸው ቢጫ ጢስ ይወጣል። እያንዳንዷ ብናኝ በሁለት ጎኗ የአየር ከረጢት ስላላት ነፋስ ርቆ ይወስዳታል።

ሴቴዎቹ ከላይ፣ ወንዴዎቹ ከታች መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ብናኝ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ዛፉ የራሱን ብናኝ በራሱ ላይ እንዳያራግፍ ይረዳዋል። ለቆጣሪው ግን ችግር ነው፤ ከመሬት ሆኖ በደንብ የሚያየው ወንዴዎቹን ነው፣ ዘር የሚሰጡት ደግሞ ከላይ ናቸው። ስለዚህ በርቀት መነጽር ከሁለት አቅጣጫ፣ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ የላይኛው ሲሶ ይታያል። ዛፉን ሁሉ መቁጠር ስለማይቻል የተወሰኑ ቅርንጫፎች ይቆጠሩና ለአናቱ ሁሉ ይገመታል፤ ወይም ከ0 እስከ 5 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። 0 ምንም፣ 5 እጅግ ብዙ። ነጥብ መስጠት ቀላል ስለሆነ ይወደዳል፤ ግን የአንዱ ሰው 3 የሌላው 4 ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች ተለያይተው ነጥብ ሰጥተው ቢያስተያዩ፣ ልዩነቱ ሲበዛም እንደገና ቢያዩ ብዙ ስህተት ይድናል። ወንዴና ሴቴ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። አንዳንዱ ዛፍ ጎበዝ አባት ሆኖ ደካማ እናት ነው፤ ሁለቱን ደምሮ በአንድ ነጥብ መጻፍ ይህን ይሸፍነዋል።

ፖፕላርና አኻያ ከእነአካቴው ወንዱና ሴቷ የተለያዩ ዛፎች ናቸው። እዚያ ላይ ፍሬ ብቻ እያዩ የሚመርጡ ከሆነ ወንዶቹ ሁሉ "የማያፈሩ" ተብለው ይቀራሉ፤ ይህም ከላይ ያየነውን የግማሽ ልፋት ኪሳራ በገዛ እጅ መጥራት ነው።

ደግሞም አበባ ሁሉ ፍሬ አይሆንም፤ ፍሬ ሁሉ ፍሬ ነገር የለውም። ቲክ የሚባለው ውድ የጣውላ ዛፍ በአንድ የአበባ ዘለላው ብዙ ሺህ አበባ ሊያወጣ ይችላል፤ ፍሬ የሚሆኑት ግን ከመቶ ጥቂቶቹ ናቸው። በፓይንም ቢሆን ፍሬው ሞልቶ ሲከፈት ውስጡ ያለው ዘር ባዶ ቅርፊት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተመረጠው ዛፍ ፍሬ ተቆርጦ ሙሉና ባዶ ዘሩ መቆጠር አለበት። ብዙ ባዶ ዘር የሚታይበት ዛፍ ብዙ ጊዜ የደረሰው የራሱ ብናኝ ነው።

የሸመገለ ቀንበጥ በሕፃን ሥር ላይ

እዚህ ድረስ ያየነው ምርጫ በደን ውስጥ በቆመ ዛፍ ላይ ነው። ብልጫው የዘር ነው ወይስ የቦታ የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም አልተፈታም። የሚፈታው በግራፍቲንግ ነው። ከተመረጠው ዛፍ አናት ቀንበጥ ተቆርጦ በአንድ ወጣት ችግኝ ላይ ይቀጠላል። ሥሩ የሌላ ነው፤ ከላይ ያለው ግን ራሱ ምርጡ ዛፍ ነው፣ በዘረመሉ አንዳች ሳይለወጥ።

በጣም የሚደንቀው ቀንበጡ ዕድሜውን አለመርሳቱ ነው። ካበበ ዛፍ አናት የተወሰደ ቀንበጥ ሕፃን ሥር ላይ ሲቀመጥ እንደ ሕፃን ከዜሮ አይጀምርም፤ ጎልማሳነቱን ይዞ ይመጣል፣ በጥቂት ዓመታትም ያብባል። በ30 ሜትር ከፍታ ላይ የነበረ አበባ ሰው ቆሞ ሊነካው በሚችልበት ቁመት ላይ ይገኛል። ዴንማርካዊው የደን ሊቅ ሲራክ ላርሰን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ይህን መንገድ ለደን ዘር አመራረት አጥብቀው የገፉበት ለዚህ ነው። ምርጥ ዛፎችን በግራፍቲንግ አብዝቶ፣ ዘር ለማፍራት ብቻ በተለየ ቦታ መትከል፤ የዘር ማሳ ማለት ይህ ነው። ብሩስ ዞብል እ.ኤ.አ. በ1956 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት የዛፍ ማሻሻያ ኅብረትም በዚህ መንገድ ብዙ የፓይን ዘር ማሳዎችን አስገኝቷል።

ግራፍቲንግ ከማባዛት ሌላ ፍርድ ሰጪ ነው። የአንዱን ዛፍ 10 ቅጂ ወስዳችሁ በተለያየ ቦታ ብትተክሉና ሁሉም ቢያብቡ፣ ነገሩ የቦታ ሳይሆን የዘር ነው። እዚያው በአንድ ማሳ ውስጥ፣ በአንድ አፈር ላይ የአንዱ ዛፍ ቅጂዎች በሙሉ በአበባ ተሸፍነው የጎረቤቱ ቅጂዎች ባዷቸውን ሲቆሙ ማየት፣ የአበባ ብዛት ምን ያህል የዛፉ የራሱ ጠባይ እንደሆነ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

30 ወላጆች 9 ሲሆኑ

ይህ ጠባይ ግን አደጋም አለው። በዘር ማሳዎች ላይ በሙያው ውስጥ አዘውትሮ የሚጠቀስ ግምት አለ፤ ከዘሩ 80 በመቶውን የሚሰጡት ከዛፎቹ 20 በመቶው ናቸው ይባላል። በየማሳው ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጥቂቶቹ ብዙውን መስጠታቸው ግን በተደጋጋሚ የታየ ነው።

ምን ያመጣል? 30 ምርጥ ዛፎች በእኩል ቁጥር ተተከሉ እንበል። ስድስቱ ከዘሩ 80 በመቶውን ሰጡ፣ የቀሩት 24 ደግሞ 20 በመቶውን ተካፈሉ። የእያንዳንዱን ድርሻ በራሱ አባዝተን፣ ሁሉንም ደምረን፣ 1ን ለድምሩ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር 9 ገደማ ነው። በመዝገቡ 30 ወላጆች አሉን፤ በሥራ ግን 9 ብቻ እንዳሉን ይቆጠራል። ከዚያ ዘር የሚወጣው ደን እርስ በርሱ የተዛመደ ይሆናል፤ በሽታ ወይም አዲስ ነፍሳት ሲመጣበትም የመቋቋሚያ ስንቁ የጠበበ ነው። ቀጣዩ ትውልድ እርስ በርሱ ሲዳቀል ደግሞ የዘመድ ጋብቻ ጉዳቱ ይከተላል፤ ባዶ ዘር፣ ደካማ ችግኝ፣ ዘገምተኛ እድገት።

ስለዚህ "አበባ የሚበዛበትን ምረጥ" የሚለው ምክር እንዲሁ ሲወሰድ ደኑን ያጠብበዋል። የኔ እምነት አበባ ማለፊያ ነጥብ እንጂ የውድድር ነጥብ መሆን የለበትም የሚል ነው። አንድ ዛፍ ለዘር የሚበቃ ያህል የሚያብብ ከሆነ አልፏል፤ ከዚያ በኋላ የሚወዳደረው በግንዱ፣ በጤናው፣ በእንጨቱ ነው። ከሚገባው በላይ በማበቡ ተጨማሪ ማርክ አይሰጠውም። በማሳው ውስጥ የሚታየውን መዛባት ደግሞ በእጅ ማስተካከል ይቻላል። የየዛፉን ዘር ለየብቻ ሰብስቦ በተመጣጠነ መጠን መቀላቀል አንዱ ነው፤ አበባ ለሚቆጥቡት ብዙ ቅጂ፣ ለሚያዘንቡት ጥቂት ቅጂ መትከል ሌላው ነው። የመጀመሪያው አድካሚ ነው፣ ግን በዚያው ዓመት ይሠራል።

ግንድ ወይስ አበባ?

ዛፍ የሚያገኘው ስኳር አንድ ነው፤ ለአበባና ለፍሬ የሄደው ለግንድ አይደርስም። ብዙ ፍሬ በተሸከመበት ዓመት የግንዱ የእድገት ቀለበት የሚጠብ ዛፍ አለ፤ ዳግላስ ፈር በሚባለው የጣውላ ዛፍ ላይ ይህ ተለክቷል። ቲክ ላይ ደግሞ ነገሩ ከስኳርም ያልፋል። ቲክ ሲያብብ አበባው የሚወጣው በዋናው ግንድ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ አበባ ከሆነ ወደ ላይ ማደጉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከሥሩ ያሉት ሁለት እምቡጦች ይነሡና ግንዱ መንታ ይሆናል። በልጅነቱ ያበበ ቲክ ጣውላ የሚወጣው ክፍሉ አጭር ነው፤ ዘግይቶ ያበበው ረጅም ነው። ስለዚህ የቲክ አርቢ የሚፈልገው ዘግይቶ የሚያብብ ዛፍ ነው። ግን ዘግይቶ ከሚያብብ ዛፍ ዘር ማግኘት ጭንቅ ነው። ፈጥኖ ማበብ ሁልጊዜ በጎ አይደለም ያልኩት ይህን ይዤ ነው።

አበባው ራሱ ምርት በሚሆንበት ጊዜ ሚዛኑ ይገለበጣል። ለንብ ተብሎ የሚተከል ደን ዘሩ ቢቀር ግድ የለውም፤ የሚፈለገው ቀሰም ነው። እዚያ ላይ የአበባ ብዛት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ አበባ ውስጥ ያለው ስኳር፣ አበባው የሚቆይበት ቀን ብዛት፣ ዛፎቹም አንዱ ሲጨርስ ሌላው የሚተካ መሆናቸው ይታያል። ሃንጋሪዎች ሮቢኒያ የሚባለውን ዛፍ ሲያሻሽሉ ከግንዱ ቅናት ጋር ለንብ የሚሆነውን አበባም ዓላማቸው አድርገዋል፤ ቀድመው የሚያብቡና ዘግይተው የሚያብቡ ዛፎችን አብሮ መትከል የማሩን ወቅት ያራዝመዋል።

በዘር ማሳ ግን ይኸው መለያየት ጉዳት ነው። ቀድሞ የሚያብብና ዘግይቶ የሚያብብ ዛፍ ጎን ለጎን ቢቆሙም አይገናኙም፤ የሴቴዋ በር የሚከፈተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው ብለን የለ። ስለዚህ የአበባ ብዛት በሚመዘገብበት ደብተር ላይ የተከፈተበትና የተዘጋበት ቀንም መስፈር አለበት። የአንዱ ዛፍ ቅጂዎች ደግሞ እርስ በርስ እንዳይዳቀሉ ቢያንስ 20 እና 30 ሜትር ተራርቀው ይተከላሉ። ማሳው ራሱ ተመሳሳይ ዛፎች ካሉበት ደን መራቅ አለበት። ነፋስ ግን አጥር አያውቅም፤ በስኮትስ ፓይን የዘር ማሳዎች ላይ በተደረገ የዘረመል ምርመራ ግማሽ ያህሉ ዘር አባቱ ከማሳው ውጭ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ። እናቶቹ ተመርጠው፣ ተቀጥለው፣ ታርመው፣ ግማሹ አባት ግን ማንም ያልመረጠው ዛፍ ሆነ ማለት ነው።

አላብብ ያለው ምርጥ ዛፍ

አሁን ወደዚያ ግንዱ እንደ ዘንግ ወደቀናው ዛፍ እንመለስ። በሁሉ ነገር በልጦ አበባ የማይሰጥ ዛፍ ለአርቢው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ወዲያው መጣል ግን አይገባም፤ በመጀመሪያ ምክንያቱን መለየት ይቀድማል። ጥላ ከሆነ፣ በዙሪያው ያሉትን ጎረቤቶች ማሳሳትና ብርሃን ማስገባት ይበቃ ይሆናል፤ ውጤቱ ግን የሚታየው ከአንድና ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እምቡጡ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ከዚያ ቀንበጡን በግራፍቲንግ ወስዶ ፀሐይ ያለበት የዘር ማሳ ላይ ማየት ይመጣል።

እዚያም አላብብ ካለ መቀስቀሻ አለ። ፓይን፣ ስፕሩስና ዳግላስ ፈር ጅበረሊን በሚባለው ሆርሞን፣ በተለይ 4 እና 7 ተብለው በሚታወቁት ዓይነቶቹ ሲታከሙ ማበብ ይጀምራሉ። ሙቀትና መጠነኛ የውሃ እጥረት ሲታከልበት ደግሞ ይበረታል። የቅርፊቱን ቀለበት በከፊል መቁረጥም ስኳሩን አናቱ ላይ ስለሚያቆየው ይሠራል፣ ምንም እንኳ ዛፉን የሚያቆስል ቢሆን። ባሕር ዛፍ ላይ ያለው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ጅበረሊን የሚጨምር ሳይሆን የሚቀንስ ፓክሎቡትራዞል የሚባል ኬሚካል ነው አበባ የሚያመጣው። አንድ ሆርሞን ለአንዱ ወገን አበባ ጠሪ፣ ለሌላው አበባ ከልካይ መሆኑ እስካሁን ይገርመኛል። መድኃኒቱን ከአንዱ ወስዶ በሌላው ላይ የሚሞክር ሰው ግን የሚያገኘው ያልጠበቀውን ነው።

ከዚህም የጠለቀ ነገር በዘረመል ደረጃ ተገኝቷል። ሩሲያ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት አርመናዊው ሊቅ ሚካኤል ቻይላኽያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከቅጠል ተነሥቶ አናት ላይ አበባ የሚያዝዝ መልእክተኛ አለ ብለው፣ ስሙንም ፍሎሪጅን ብለውት ነበር። መልእክተኛውን የሚሠራው ዘረመል ከብዙ ዓመታት በኋላ ተለየ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጡ ጥናቶች ይኸው ዘረመል በፖፕላር ውስጥ እንዲበረታ ሲደረግ፣ ለማበብ ብዙ ዓመት የሚጠብቀው ዛፍ በወራት ዕድሜው ሊያብብ እንደሚችል አሳዩ። ይህ ለምርምርና እርባታን ለማፋጠን የሚጠቅም ነው፤ ደን ላይ የሚተከል አይደለም።

ሆርሞኑም ሆነ ቅርፊት መቁረጡ የዛፉን ዘረመል አይለውጥም፤ የተቀሰቀሰው ዛፍ ልጆች አበባ ቆጣቢ ሆነው ሊወለዱ ይችላሉ። ዋና ዓላማችን ግንድ ከሆነ ይህ ጉዳት አይደለም፤ እንዲያውም ልጆቹ ስኳራቸውን እንጨት ላይ ያውሉታል። ጉዳት የሚሆነው ከልጆቹ ደግሞ ዘር ስንፈልግ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ዛፍ በማሳው ውስጥ ጥቂት ቦታ ይሰጠዋል፤ በየ2 እና 3 ዓመቱ በተራ ይቀሰቀሳል፤ የተገኘችውም ጥቂት ዘር ለብቻዋ ተሰብስባ፣ ቁጥሯ ተጽፎ፣ ከሌሎቹ ጋር በልኩ ትቀላቀላለች። በምንም መንገድ ካላበበ ደግሞ ቀንበጡ ሥር ማውጣት ይችል እንደሆነ ይሞከራል። ሥር ካወጣ፣ ዘር ባይኖረውም ራሱ እየተባዛ ይተከላል። ሥር ካላወጣ 2 ወይም 3 የግራፍቲንግ ቅጂዎቹ በማሳው ዳር ይቆያሉ፤ ደብተሩ ላይም በየዓመቱ የአበባ ወቅት ሲደርስ "0" እየተባለም ቢሆን ይመዘገባል።